እሳት ቀጠሮ አይሰጥም
ለምታድግ ከተማ ዘመናዊ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ያስፈልጓታል

በምርጫ ሰሞን ስለ እሳት አደጋ ጣቢያ የሚያነሣ ፓርቲ እምብዛም አይታይም። መራጩ ሕዝብ የሚጠይቀው ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ውኃ ነው፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ፓርቲያችን በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ያለውን አማራጭ በዚህ ጽሑፍ በሌሎቹ ገጾች ላይ በዝርዝር አቅርቧል። ይሁን እንጂ በሃያ ዓመት ቁጠባ የተገኘ ኮንዶሚኒየም፣ በዕቁብ ብር የተሞላ ሱቅ፣ ከወላጅ የተወረሰ የጭቃ ቤት በአንድ ሌሊት ወደ አመድ ሊለወጥ በሚችልበት ከተማ ውስጥ ስለ ልማት ብቻ ተናግሮ ስለ ጥበቃው ዝም ማለት ለመራጩ ግማሹን እውነት እንደ መንፈግ ነው ብለን እናምናለን።

የተከበራችሁ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች፤ ከቅርቡ እንነሣ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ላይ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሌሊቱን ሲነድ ከተማው በሙሉ በስልኩ መስኮት ተመልክቶታል። ነጋዴው ከነጠላና ከብርድ ልብስ ክምሩ የቻለውን ያህል በትከሻው ሲያወጣ፣ ወጣቱ በባልዲ ውኃ ሲያቀባብል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ሲታገሉ አድረዋል። በእነዚያ ሠራተኞች ላይ አንዲት ቃል የምንሰነዝር አይደለንም። የምንጠይቀው እነርሱን ወደዚያ ጠባብ መንገድ፣ ወደዚያ የላስቲክና የጨርቅ ክምር፣ በቂ የውኃ መቅጃ በአጠገቡ ሳያዘጋጅ የላካቸውን አስተዳደር ነው። መርካቶ ትናንት የተፈጠረ ገበያ አይደለም። ሱቅ በሱቅ ላይ እንደ ተደራረበ፣ መተላለፊያው በዕቃ እንደ ተዘጋ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ እንደ ሸረሪት ድር እንደ ተጠላለፈ በየዕለቱ የምናየው ነው። እንዲህ ያለው ገበያ አንድ ቀን እንደሚቃጠል ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በዚያ ማለፍ ብቻ ይበቃል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑም ይታወቅ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት የሐርጌሳው የዋሂን ገበያ ሲቃጠል ወደ 2 ሺህ የሚገመቱ ሱቆች ወድመዋል፤ የከተማዋ የኢኮኖሚ ልብ ነው የተቃጠለው። ናይሮቢ ውስጥ የጊኮምባ ገበያ በተደጋጋሚ ይነዳል፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ ብቻ 15 ሰዎች ሞተዋል። በሁሉም ዘንድ ታሪኩ አንድ ነው፤ ጎዳናው በሱቅ ተይዞ የእሳት አደጋው መኪና መግቢያ አጣ፣ የውኃ ቦቴው ተመላልሶ መቅዳት ነበረበት፣ እሳቱም እስከዚያ አልጠበቀም። ከጎረቤት ቃጠሎ ተምሮ ራሱን የሚያዘጋጅ አስተዳደር ብልህ ይባላል። የእኛ ግን በራሱ ቃጠሎ እንኳ ሲማር አላየንም።

የደቂቃዎች ጉዳይ

ለመሆኑ አንድ ጣቢያ ቀረበ ወይም ራቀ ስንል ልዩነቱ ምንድን ነው? የእሳትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮው ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ እንጨትና ጥጥ ነበር። ዛሬ ፍራሹ ስፖንጅ፣ ሶፋው ስፖንጅ፣ ምንጣፉና መጋረጃው ሰው ሠራሽ ክር፣ ቴሌቪዥኑ ፕላስቲክ ነው። እነዚህ ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ነገሮች ሲቃጠሉ የሚያወጡት ሙቀትና መርዛማ ጭስ ከእንጨት እጅግ ይበልጣል። ጭሱ ጣሪያ ሥር ይከማቻል፣ ክፍሉን ያግለዋል፣ ከዚያም በአንድ ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይቀጣጠላል። በዛሬ ዕቃ በተሞላ ክፍል ውስጥ ይህ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የደረሰ ሠራተኛ አንድ ክፍል ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ግን የሚታገለው ከሙሉው ቤት ጋር ነው፤ ቤቶቹ ጣሪያ ለጣሪያ በተያያዙበት ሰፈር ደግሞ ከመንደሩ ጋር።

የአዲስ አበባን የቆዩ ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት በኮርኒሱ ውስጥ እየሾለከ በሦስተኛው ቤት ብቅ ይላል። በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ሲሰካ ገመዱ ይግላል። ይህን የሚያደርገው ሰው ግድየለሽ ሆኖ አይደለም። ለአምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እየተካፈለ የሚኖር ነው።

በዓለም ላይ የታወቁ የእሳት አደጋ መለኪያዎች አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 1710 በሚባለው ደንቡ የመጀመሪያው መኪና ከጣቢያው ተነሥቶ በ4 ደቂቃ ጉዞ ቦታው እንዲደርስ ይጠይቃል። እኛ አሜሪካ አይደለንም፤ እሺ፣ እጥፍ እናድርገውና 8 ደቂቃ እንበል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሳይረን እየነፋ የሚሄድ መኪና በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በ8 ደቂቃ ከ3 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር አይበልጥም። መንገዳችን ቀጥ ያለ ስላልሆነ ደግሞ ይህ በአየር ላይ ሲለካ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይወርዳል። አንድ ጣቢያ በዚህ ስሌት የሚሸፍነው 18 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የከተማችን ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ማካፈሉን ለአንባቢ እንተዋለን፤ ወደ 30 ጣቢያ ይመጣል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ከሌላው ዓለም በእጥፍ ዘግይቶ ለመድረስ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ቁጥር ነው።

ይህን ስሌት ይዘን ወደ ዳር ሰፈሮች እንውጣ። መንግሥት ሕዝቡን ከመሐል ከተማ እያነሣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ወስዷል። እነዚህ መንደሮች ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ለአንድ መካከለኛ ከተማ የሚበቃ ሕዝብ የያዙ ናቸው። ሕንፃው ሲሠራ ትምህርት ቤቱ ዘገየ፣ ጤና ጣቢያው ዘገየ፣ ውኃው ዘገየ። የእሳት አደጋ ጣቢያው ግን ከመዘግየትም ያለፈ ነው፤ በመጀመሪያው ፕላን ላይ እንደ ትምህርት ቤቱና እንደ ገበያው ራሱን የቻለ ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር። በአራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት በረንዳዋ በብረት ፍርግርግ ተዘግቶ፣ ደረጃው በከሰል ጆንያና በአሮጌ ዕቃ ተጣቦ፣ ከታች እሳት ቢነሣ በየት ትወጣለች? መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይደርስላታል? የቤት ዕጣ ያወጣላት አካል ይህንን መመለስ ነበረበት።

መንገዱም ራሱ እንቅፋት እየሆነ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በብዙ ቦታ ላይ ዋና ጎዳናዎችን በመሐል ከፍሎ አጥሯል። ባቡሩን አንቃወምም። ሆኖም ከመንገዱ ማዶ ቤት ሲቃጠል የእሳት አደጋው መኪና ማዞሪያ ፍለጋ ርቆ ሄዶ እንዲመለስ የሚያስገድድ አጥር ሲሠራ ለአደጋ ጊዜ የሚከፈት መተላለፊያ ማሰብ ለማንም ከባድ አልነበረም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በታላቅ ጥድፊያ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ደግሞ ጎዳናዎች ተቆፍረዋል፣ ቱቦዎች ተቀብረዋል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አጊጧል። ታዲያ ይህ ሁሉ አፈር ሲገለበጥ በየስንት ሜትሩ የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ተተከለ? ከተተከለውስ ስንቱ ግፊት ያለው ውኃ አለበት? ይህን የመጠየቅ መብት አለን፤ ምክንያቱም ቤቱ የፈረሰበትም ግብር የከፈለውም ሕዝቡ ነው።

ስለ ውኃ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። 10 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ በሁለት ጠንካራ ቱቦ በደቂቃ 1 ሺህ ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መኪናው እሳቱን ጥሎ ውኃ ፍለጋ ይሄዳል። ሕዝቡ «ውኃ ሳይዙ መጡ» እያለ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይዘው መጥተዋል፣ አልቆባቸው ነው። በአንጻሩ በየ150 እና በየ200 ሜትሩ የሚሠራ መቅጃ ባለበት መንገድ ላይ አንድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ መርጨት ይችላል። ስለዚህ መኪና መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ እሳትንም በፈረቃ ነው የሚያጠፋው።

ወደ ላይ ያደገች ከተማ

አዲስ አበባ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም አድጋለች። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከእርሱ ወዲህ በሰንጋ ተራ፣ በለገሃር፣ በቦሌና በካዛንቺስ የሚቆሙትን የመስተዋት ሕንፃዎች ቆጥሮ መጨረስ ያስቸግራል። አንድ የተለመደ የእሳት አደጋ መሰላል የሚደርሰው ወደ 30 ሜትር ማለትም እስከ አሥረኛ ፎቅ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚደርሱ በጣም ውድ መሰላሎች አሉ፤ ባለሥልጣናት ከፊታቸው ቆመው ፎቶ ሲነሡም ያምርባቸዋል። ነገር ግን ለሃያ አምስተኛ ፎቅ የሚበቃ መሰላል የትም አገር የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም። ረጅም ሕንፃ የሚድነው ከውስጡ ነው፤ በየፎቁ ውኃ በሚያደርስ ቋሚ ቱቦና ፓምፕ፣ ጭስ በማያስገባ የማምለጫ ደረጃ፣ በራሱ በሚረጭ የጣሪያ ውኃ፣ በሚሠራ የማስጠንቀቂያ ደወል።

የለንደኑ ግሬንፌል ሕንፃ ታሪክ ለዚህ ከባድ ትምህርት ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት በአራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ማቀዝቀዣ የተነሣ እሳት 24 ፎቅ ያለውን ሕንፃ አዳርሶ 72 ሰዎች ሞቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በተደወለላቸው በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደርሰው ነበር። ሕንፃው ግን ለውበት ተብሎ የለበሰው ንጣፍ ተቀጣጣይ ነበር፤ ማምለጫው አንድ ጠባብ ደረጃ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ሕንፃ ለማሳመር በላዩ ላይ የሚለጠፈው የአልሙኒየም ንጣፍ በውስጡ ምን እንዳለው ማን ይመረምራል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውንና የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን «ሐ» በሚል ምድብ ለይቶ ጥብቅ ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ደንግጓል። ስለዚህ ችግራችን የሕግ እጦት ብቻ አይደለም። ዕቃ የተከመረባቸውን የማምለጫ ደረጃዎች፣ በሰንሰለት የተቆለፉትን በሮች፣ ቀኑ ያለፈበትን ማጥፊያ ሲሊንደር ማንም ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ያያል። የሚያየው ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሕንፃው የመጠቀሚያ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። የፈቃድ ወረቀቱ በምን ዋጋ እንደ ተገኘ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኛ እዚህ መዘርዘር አያስፈልገንም።

አዳዲስ አደጋዎችም እየመጡ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። በሐሳቡ አንከራከርም። ግን የሊቲየም ባትሪ እሳት እንደ ቤንዚን እሳት አይደለም፤ የጠፋ መስሎ ከሰዓታት በኋላ ራሱ ይቀጣጠላል፣ ለማቀዝቀዝ በብዙ ሺህ ሊትር የሚቆጠር ውኃ ይፈልጋል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሃምሳ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ሲቆሙ ከላይ ያሉት ነዋሪዎች ምን ዓይነት ጥበቃ አላቸው? መኪናውን ያስገባ ፖሊሲ እሳቱን የሚያጠፋውን ሠራተኛ አላሠለጠነም ካልን ስሕተቱን የማን እንበለው?

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራ እሳት ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በክረምት ወንዝ የወሰደውን ሰው የሚያወጣው፣ ለግንባታ በተቆፈረና ውኃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሕፃን የሚፈልገው፣ ከተደረመሰ አፈር ሥር የቀን ሠራተኛ የሚያወጣው እርሱ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ ቤተሰብ በእጁ አፈር ሲቆፍር፣ ኤክስካቫተር የተቀበሩትን ሲፈልግ ለቀናት አይተናል። ከፍርስራሽ ሥር ያለ ሰው ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያና ለዚሁ የሠለጠነ ቡድን ያለው ከተማ ብንሆን የስንቱን ሕይወት እንታደግ ነበር የሚለው ጥያቄ ዛሬም የሐዘንተኞቹን ልብ ያቃጥላል።

ዘመናዊ ጣቢያ ስንል

አንዳንድ ሰው ዘመናዊ ጣቢያ ሲባል ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ሕንፃ ይመስለዋል። እኛ እንደዚያ አንለውም። ሁለት መኪና የሚያቆም፣ በሩ በቀጥታ ወደ ዋና መንገድ የሚከፈት፣ ከራሱ ጉድጓድ ወይም ከትልቅ ታንከር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቦቴ የሚሞላ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ያለው፣ ስምንት ሠራተኛ ለብሶና ታጥቆ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅበት ቤት ይበቃናል። ሠራተኛው ደወል ከሰማ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከበሩ መውጣት አለበት። አንድ ትልቅና ሩቅ ጣቢያ ከመሥራት አምስት ትንንሽና ቅርብ ጣቢያዎች መሥራት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ጣቢያ በአራት ፈረቃ ስምንት ስምንት ሰው ብንመድብ ለ30 ጣቢያዎች የሚያስፈልገው 960 ሠራተኛ ነው፤ በሚሊዮኖች ለሚቆጠር ሕዝብ ይህ ብዙ ነው የሚል ካለ በምን ዓይነት ሚዛን እንደሚመዝን ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

የጥሪው ጉዳይም አለ። የከተማዋ የእሳት አደጋ ነጻ የጥሪ ቁጥር 939 ነው። ደውለው ሲያበቁ ግን «የት ነው?» ሲባሉ ምን ይላሉ? «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረው ጋ»። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በየበሩ ባለመኖሩ በየጥሪው የሚባክነው ደቂቃ ከላይ ያሰላነውን 8 ደቂቃ ይበላዋል። ጠሪው ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ የሚያሳይ ዘዴ ዛሬ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ አለ፤ የትራንስፖርት ድርጅቶች ታክሲ በዚሁ ያገኛሉ። ለታክሲ የሠራው ለነፍስ ማዳን የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ሠራተኛውን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። ጭስ ውስጥ የሚገባ ሰው የመተንፈሻ መሣሪያ፣ እሳት የማይበላው ልብስ፣ የሕይወት መድን፣ ኑሮውን የሚችል ደመወዝና የቤት አበል ያስፈልገዋል። ሠራተኛ ሲቀጠርም ሲሾምም የሚጠየቀው ችሎታው እንጂ የፓርቲ አባልነት መታወቂያው እንዳይሆን እናደርጋለን። እሳት የማንንም ድርጅት አባልነት አይጠይቅም፤ የሚያጠፋውም መጠየቅ የለበትም።

ከዚህ ጋር አንድ የምንኮራበት ሀብት አለን፤ እድር። በየሰፈሩ ያለው እድር ድንኳን አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፣ አባሎቹን በስም ያውቃል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ይሰበስባል። ጀርመን ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ዜጎች በሥራቸው ላይ ተጨማሪ አድርገው በበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሆነው ያገለግላሉ፤ ያደጉት በማኅበር ነው። እኛም በእያንዳንዱ እድር ውስጥ አሥር ወጣት አሠልጥነን፣ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ፣ ቱቦና ማጥፊያ ሰጥተን ብናስቀምጥ መኪናው እስኪደርስ ያለውን አደገኛ ሰዓት እንሞላዋለን። ግን ጥንቃቄ፤ የበጎ ፈቃዱ ቡድን የካድሬ መዋቅር እንዳይሆን ከወረዳው የፖለቲካ እጅ ነጻ መሆን አለበት። እድር ለቅሶ የሚያውቀው፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ሳይለይ ስለሆነ ነው የሚታመነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ገዥው ፓርቲ ይህን ሲሰማ «ድሃ አገር ነን» ይላል። ድህነታችንን አንክድም። ሆኖም ለመናፈሻ፣ ለአደባባይ ፏፏቴና ለጌጥ መብራት የተገኘ ገንዘብ ለእሳት አደጋ ጣቢያ ሲሆን ጠፋ የሚለውን ክርክር አንቀበልም። መናፈሻ ጥሩ ነው፤ ልጆቻችን ይጫወቱበት። ነገር ግን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አለ።

ዋናው ወጪ ሕንፃው ሳይሆን መሬቱና ሠራተኛው ነው፤ መሬት ደግሞ በአስተዳደሩ እጅ ነው። አስተዳደሩ በየዓመቱ በሊዝ ከሚያስተላልፈው መሬት ላይ በየክፍለ ከተማው ለጣቢያ የሚሆን 2 ሺህ ካሬ ሜትር አስቀድሞ ቢከልል አንድ ብር አያወጣም። ከ«ሐ» ምድብ የግንባታ ፈቃድ ክፍያ ላይ የተወሰነ እጅ፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች የእሳት ዋስትና ዓረቦንም ጥቂት እጅ ለዚሁ ብቻ በሚውል የተለየ ሒሳብ እንዲገባ በምክር ቤቱ ደንብ እናስወጣለን። ለኢንሹራንስ ኩባንያዎቹም ይበጃቸዋል፤ ያልተቃጠለ ንብረት ካሣ አያስከፍልም። ጥንት በለንደን የመጀመሪያዎቹን የእሳት አደጋ ቡድኖች ያቋቋሙት እኮ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የተነሡት የኢንሹራንስ ድርጅቶች ናቸው፤ ለአገልጋይነት ሳይሆን ለሒሳባቸው ብለው። የእኛ ነጋዴ ግን አብዛኛው ኢንሹራንስ የለውም፤ ሱቁ ሲቃጠል የሚቀረው የዕቁብ ዕዳና የአቅራቢ ዱቤ ነው። ይህ ሰው በግብሩ ከጠየቀው አገልግሎት ሁሉ የመጀመሪያው እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው።

ገበያዎቹን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፤ ምክንያቱም እሳት በተነሣ ቁጥር ነጋዴው ከቃጠሎው ሌላ የሚፈራው ነገር አለ። ቦታው ከተቃጠለ በኋላ ለሌላ ይሰጣል የሚል ፍርሃት በመርካቶ ሰፊ ነው። ይህ ፍርሃት እውነት ይሁን አይሁን አስተዳደሩ በሕግ ሊያስቀረው ይችላል። ፓርቲያችን ምክር ቤቱ ውስጥ በሚይዘው መቀመጫ ልክ በእሳት የወደመ ሱቅ ወይም ቤት ባለይዞታ በቦታው የመመለስ መብቱ በደንብ እንዲረጋገጥለት ይታገላል። ያኔ ነጋዴው ራሱ መተላለፊያውን ለመክፈት፣ ገመዱን ለማስተካከል፣ ዕቃውን ከመንገድ ለማንሣት ይተባበራል። በማፍረስ ማስፈራሪያ የሚመጣ ትብብር ፍተሻው እስኪያልፍ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላላችሁ የከተማ ነዋሪዎችም መልእክታችን ያው ነው። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ በየዓመቱ እየሰፉ ነው። ሕንፃው ከመቆሙ በፊት የጣቢያውን ቦታ መከለል ለእነርሱ ገና አልረፈደም፤ አዲስ አበባ ዛሬ አጥሮ የሚገዛውን እነርሱ አሁን በነጻ ማስቀመጥ ይችላሉ።

በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ካገኘን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚከተለውን እናደርጋለን። ያሉት ጣቢያዎች የት እንዳሉና እስከ የት እንደሚደርሱ በካርታ ተሠርቶ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይለጠፋል፤ እያንዳንዱ ነዋሪ ሰፈሩ ከ8 ደቂቃው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ብሎ በዓይኑ ያረጋግጣል። ያሉት የውኃ መቅጃዎች አንድ በአንድ ተከፍተው ይፈተሻሉ፤ የማይሠሩት ቁጥራቸው ይገለጻል። ለአዲሶቹ ጣቢያዎች የሚሆኑት ቦታዎች ተለይተው ዝርዝራቸው በይፋ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጡ በምክር ቤት ውሳኔ ይታገዳሉ። መጀመሪያ የሚሠሩት ደግሞ የዳር ኮንዶሚኒየሞቹና የመርካቶ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ በእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ስንት ጥሪ እንደ መጣ፣ መኪናው በአማካይ በስንት ደቂቃ እንደ ደረሰ፣ ስንቱ ጥሪ ላይ ከ8 ደቂቃ እንዳለፈና ለምን እንዳለፈ በጋዜጣና በሬዲዮ ይገለጻል። እስከዚያው ድረስ የየትኛውም ፓርቲ ዕጩ በራችሁን ሲያንኳኳ ከሰፈራችሁ ቅርብ ያለው የእሳት አደጋ ጣቢያ የት እንደሆነና መኪናው በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ጠይቁት፤ የእኛንም ዕጩ ጨምሮ።